በርሜሌ ውስጥ ያደገችው እንግዳ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ፣ በእኛ ግቢ፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ሁለት በርሜል ሁሌም ሞልቼ አስቀምጣለሁ፤ ድሬዳዋ እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

አንድ ማለዳ ክዳኑን ሳነሳ ውሃው ላይ ተጋድመው የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ትሎች አየሁ። ልደፋው ስል ባዮሎጂ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ «እትዬ፣ ቆዩ!» ብሎ በብርጭቆ ቀዳ።

እነዚህ የወባ ትንኝ እጮች ናቸው፤ የሌሎቹ ቢንቢዎች እጭ ጭራው ላይ መተንፈሻ ቱቦ ስላለው ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ ይንጠለጠላል አለኝ። የወባዋ እጭ ቱቦ የላትም፤ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድማ ትተነፍሳለች። አድጋ ግድግዳ ላይ ስታርፍም ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ ነው።

እዚህ ድረስ ዓይን ይበቃል። የትኛዋ የወባ ትንኝ እንደሆነች ለመለየት ግን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ በአፏ ግራና ቀኝ ያሉት መዳሰሻዎች ላይ ነጭ ቀለበትና ነጠብጣብ ይታያል። ካጠራጠረ ዲኤንኤ ይመረመራል።   

ልጁ የጠረጠራት አኖፊለስ ስቴፈንሲን ነው፤ በብርጭቆው ያለችው እሷ ናት ብሎ ግን አልማለልኝም። አገሯ እስያ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በለጠ።

በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። በ2022 ድሬዳዋ በበጋ ወባ ሲነሳ እህቴ ደውላ «ዝናብ ሳይጥል ምን ዓይነት ወባ ነው?» አለችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ነባሯ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ነው የምትወደው፤ ስቴፈንሲ ግን በርሜልና ታንከር ውስጥ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ትፈለፈላለች፣ ክረምት አትጠብቅም። ኩሬ ብንደፍንላት ምን ገዷት?

አሁን በርሜሎቼን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኜ በገመድ አስራለሁ። ልጁ እያለፈ ጥብቀቱን በጣቱ ይፈትሻል፤ ከላላ ይቆጣኛል። እንቁላሏ በዚህ ሙቀት በሳምንት ገደማ ትንኝ ስለሚሆን ሰኞ ሰኞ በርሜሉን እስከ ታች አራግፋለሁ። ውሃ መድፋት ለእኔ ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ ልብስ አጥብበታለሁ፣ ከዚያ ግቢውን።