ሳያለቅስ የተወለደ ሕፃን

በማሕፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ሳንባው በአየር ሳይሆን ራሱ ሳንባው በሚያመነጨው ፈሳሽ የተሞላ በመሆኑ፣ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት አማካይነት ከእናቱ ደም ነው፤ ከልቡ የሚወጣው ደምም አብዛኛው ወደ ሳንባ ሳይገባ በሁለት መሸጋገሪያዎች ወደ ቀሪው አካል ያልፋል። ምጥ ሲጀምር የሚጨምሩት ሆርሞኖች ሳንባው ፈሳሽ ማመንጨቱን ትቶ መምጠጥ እንዲጀምር ያደርጉታል። ሕፃኑ ወጥቶ ቅዝቃዜና ንክኪ ሲሰማው በአንጎል ግርጌ ያለው የአተነፋፈስ ማዕከል የመጀመሪያውን ትንፋሽ ያዛል፤ አየር ሲገባ የቀረው ፈሳሽ ይመጠጣል፣ ጠብበው የነበሩት የሳንባ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ሁለቱ መሸጋገሪያዎችም ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። የሳንባ የአየር ከረጢቶች እንደረጠበ ፌስታል ተመልሰው እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ሰርፋክታንት የተባለ ቅባት መሰል ነገር ሲሆን፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ትንፋሽ የሚያጥረው ይህ ገና በበቂ መጠን ስላልተዘጋጀለት ነው።

ወራቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያለማንም እርዳታ ይተነፍሳሉ፤ 10 ያህሉ በደረቅ ጨርቅ ሲጠራረጉና ጀርባቸው ሲታሸ ይነሣሉ። ጥቂቶቹ ግን ይህ አይበቃቸውም። በምጥ ጊዜ ኦክስጅን ያጠረው ሕፃን መጀመሪያ ትንፋሹን ሲያቆም በማሸት ሊመለስ ይችላል፤ እጥረቱ ከቀጠለ ጥቂት ጊዜ አቃስቶ ዳግመኛ ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ አየር ወደ ሳንባው ካልተገፋለት በራሱ አይነሣም። ሕፃኑ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህም የሠለጠነች አዋላጅ ማሸቱን ሳታራዝም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር መስጠት ትጀምራለች።

መሣሪያው በእጅ የሚጨመቅ ከረጢትና ጭንብል ነው፤ በጤና ተቋማት አምቡ ባግ ይባላል። አዋላጇ የሕፃኑን አንገት ሳታጎብጥ፣ ከልክ በላይም ሳትለጥጥ ቀና አድርጋ፣ ጭንብሉ ዓይኑን ሳይነካ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን ታደርጋለች። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚበቃው አየር ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል በጣቶቿ ብቻ በስሱ እየጨመቀች በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ትሰጠዋለች። የልብ ምቱ መፍጠን ሕፃኑ እየተመለሰ ለመሆኑ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በአንጻሩ በእግር አንጠልጥሎ በጥፊ መምታትና ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ሕፃኑን ከመጉዳትና ያቺን ደቂቃ ከማባከን በቀር ምንም አይፈይዱም።

ይህ ዕውቀት በፎገራ ሜዳ ላይ የተለየ ክብደት አለው። ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው ይህ ሩዝ አብቃይ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈስሱ፣ ሐይቁም ሲተኛበት በውሃ ይዋጣል፤ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት ቀበሌዎች ከሌላው በባሰ ሁኔታ ይጎዳሉ። የአካባቢው ከተማ ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ ብትሆንም፣ አምቡላንስ የሚቸገረው ከአስፋልቱ ወዲያ ባለው ጭቃ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ለተሰጠው ሕፃን ደግሞ ከተወለደ በኋላ ተነሥቶ የሚሮጥ አምቡላንስ፣ መንገዱ ደረቅ ቢሆን እንኳ፣ አይደርስለትም፤ መሣሪያውና ሙያው አስቀድመው ከአጠገቡ መገኘት አለባቸው።

የ2011 ዓ.ም. አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ፤ በወሊድ ጊዜ መታፈን ከዋነኞቹ መንሥኤዎች አንዱ ነው። «ሞቶ ነው የተወለደው» ተብሎ የተቀበረ ሁሉ በእርግጥ ሞቶ የተወለደ አይደለም፤ አንዳንዱ ልቡ እየመታ ትንፋሽ ብቻ ያጣ ነበር። በታንዛኒያ 8 ሆስፒታሎች አዋላጆች በዚህ ዘዴ ከሠለጠኑ በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ሕፃናት መጠን በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ሞተው ተወለዱ የሚባሉትም ቀንሰዋል።

ስለዚህ መውለጃዋ በክረምት የሚውል የፎገራ እናት ወንዙ ሳይሞላ፣ ምጡም ሳይጀምር ወደ ጤና ጣቢያ ቀርባ በእናቶች ማቆያ ወይም በዘመድ ቤት ብትሰነብት ይበጃታል፤ ቤተሰቡም ቀኗን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቀድሞ ያሳውቅ። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም አምቡ ባጉ በቁልፍ ከተዘጋ መጋዘን ወጥቶ፣ ጸድቶና ተፈትሾ ከማዋለጃው አልጋ አጠገብ መቀመጡን በየዕለቱ ያረጋግጡ።