ታሪክ ያየ ዛፍ ልጅ

በ1860 ዓ.ም. መባቻ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ አስጎትተው ያለፉት በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ነው። 7 ቶን የሚጠጋው ብረት በሰው ጉልበት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ መቅደላ የደረሰው ከወራት በኋላ መጋቢት ላይ ነበር።

የላይ ጋይንት ተማሪ ይህን በክፍል ውስጥ ይሰማል። ያን ዘመን ያየ ጥድ ወይም ወይራ በሰፈሩ ደብር ቅጥር ቆሞ እንደሆነ የሚያሳየው ግን እምብዛም ነው።

ጃፓናውያን በዚህ ቀድመዋል። በ1937 ዓ.ም. ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው አቶሚክ ቦምብ ተርፈው ያቆጠቆጡ ዛፎች፣ ከፍንዳታው ቦታ ያላቸው ርቀት ተጽፎባቸው ይጠበቃሉ። ዘራቸውም ተለቅሞ በብዙ አገሮች ተተክሏል።

ለደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ዘሩ ሩቅ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በዞኑ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከእርሻውና ከግጦሹ መሬት የጠፋው አገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው የቀረው እዚያ ነው።

ችግሩ ታሪኩ ችግኝ ጣቢያ ሲደርስ መጥፋቱ ነው። ከየቦታው የተለቀመው ዘር ተደባልቆ ከተዘራ፣ ተማሪው በክረምት የሚረከበው እናቱ የማትታወቅ ችግኝ ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ ካልሆነ ማለት ነው። የደብሩ ስም፣ የዛፉ ዓይነትና የተለቀመበት ቀን በመደቡ ላይ ቢጻፍ ወጪው አንዲት ቁራጭ ጣውላ ናት።

ልጆቹ የካህናቱን ፈቃድ ጠይቀው ራሳቸው ቢለቅሙ ደግሞ የበለጠ ይማራሉ። ጥድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴዋ ነው። ከዘሩም ብዙው ባዶ ስለሚሆን አብዝቶ መዝራት ያስፈልጋል። የወይራ ዘር ጠንካራ ሽፋኑ በጥንቃቄ ካልተሰበረ ለመብቀል ይዘገያል። የጥቁር እንጨት ፍሬ ግን ከከረመ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፤ ሥጋው ታጥቦ ሳይቆይ ይዘራል።

ዕድሜውን ማጣራትም የትምህርቱ አካል ነው። ግንዱ ስለወፈረ ብቻ «ቴዎድሮስን ያየ ነው» አይባልም፤ ጥሩ አፈርና ውሃ ያገኘ ጥድ ቶሎ ይወፍራል፣ ድንጋያማ ቦታ የበቀለው አርጅቶም ቀጭን ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች የሽማግሌዎችን ቃል መዝግበው ደብሩ ከተተከለበት ዘመን ጋር ሊያስተያዩት ይገባል። ያልተረጋገጠውን «ይባላል» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ያሉ የግብርናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ግን ሊቸኩሉበት የሚገባ ጉዳይ አለ። እናት ዛፎቹ ያረጃሉ፤ ሥራቸው የሚበቅለውን ችግኝ ደግሞ ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። በዚሁ ዞን በሁለት የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተካሄደ ሙከራ፣ ከብት በሚገባበት ቦታ ዘሩ የመብቀሉም ችግኙ የመትረፉም ዕድል እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንዳንድ ደብሮች ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ለአርሶ አደሩም እርሻው ጠርቶለታል።