«ቁራጭ» ወይስ «ቅንጭብ»? ስለ ተንቀሳቃሽ ምስል ቅንብር ስያሜዎች

ተንቀሳቃሽ ምስል በፊልም ጥቅል ይነሣ በነበረበት ዘመን አቀናባሪው ጥቅሉን በእርግጥ ይቆርጥ፣ ጫፍና ጫፉንም በሙጫ ወይም በሚለጠፍ ጥብጣብ ያያይዝ ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሙያውን በመቁረጥ፣ ፈረንሳይኛም «ሞንታዥ» ብሎ በመግጠም ቢጠራው ሁለቱም ከሥራው አልራቁም። በ1989 እ.ኤ.አ. አቪድ የተባለው የኮምፒዩተር ማቀናበሪያ ከቀረበ በኋላ እየተስፋፋ በመጣው አሠራር ግን የሚቆረጥ ነገር የለም፤ የቀሩት የመቁረጥ ቃላት ብቻ ናቸው። ተርጓሚው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በወላይታ ዞን፣ በገሱባ የሚኖር አንድ ወጣት በመስከረም የሚከበረውን የጊፋታን በዓል በስልኩ ቀረጸ እንበል። የበሬው ግዢ አንድ ፋይል ነው፤ የሽማግሌዎች ምርቃት ሌላ፣ ጭፈራውም ሌላ። እነዚህን በማቀናበሪያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በጊዜ ተራ ይደረድራቸዋል። የሚደረደሩበትን «የጊዜ መስመር» ማለት ተለምዷል፤ እኛም አንቃወመውም። ሆኖም በውስጡ ምስሉና ድምፁ አንዱ ከሌላው በላይ የሚቀመጡባቸውን እርከኖች ዳግመኛ «መስመር» ማለት ስለሚያደናግር «ረድፍ» እንላቸዋለን። ከሸማኔ ሙያ «ድር»ን መዋስ ያጓጓ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን «ድረ ገጽ» አስቀድሞ ወስዶታል።

ዋናው ክርክር በረድፉ ላይ ለሚቀመጠው ነገር የሚሰጠው ስም ነው። ብዙዎች «ቁራጭ» ይሉታል። ከጨርቅ ቁራጭ ሲወጣ ጨርቁ ይጎድላል፤ ቁራጩም በእጃችን ይቀራል። በማቀናበሪያው ላይ ግን ሁለቱም አይደርሱም፤ በረድፉ ላይ ያለው «ከዚህ ፋይል፣ ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው። የገሱባው ወጣት ምርቃቱን «ቆርጦ» ያስቀመጠ ከመሰለው የስልኩን ቦታ ለማስለቀቅ ዋናውን ፋይል ይደመስሳል፤ የጊዜ መስመሩም ባዶ ይሆንበታል። ጊፋታ የሚመጣው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ስለዚህ «ቅንጭብ»ን እንመርጣለን። ከመጽሐፍ የተቀነጨበ ጽሑፍ መጽሐፉን አያጎድለውም፤ ከየት እንደ ተወሰደም መጠቀሱ አይቀርም። ቃሉ ሁሉን አይናገርም፤ በወረቀት ላይ የተቀነጨበው መጽሐፉ ቢቃጠል እንኳ ይተርፋልና። ይህን ልዩነት በመዝገበ ቃላቱ ፍቺው ሊሸከመው ይገባል።

የቅንጭብን መነሻና መድረሻ ማስተካከልን «መከርከም» ማለትም እንደዚሁ ያሳስታል፤ የተከረከመው ወድቆ ይቀራልና። እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ይረዳናል። የልጅን ሱሪ ከታች ሲያሳጥር ጨርቁን ቆርጦ አይጥለውም፤ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ልጁ ሲያድግም ይለቀዋል። «ጠርዝ ማጠፍ»ና «ጠርዝ መልቀቅ» ብንል በማቀናበሪያው ላይ የሚሆነውን በትክክል እንገልጻለን። አንዱን ቅንጭብ በመካከሉ ለሁለት መለየት «መክፈል» ነው፤ ይህ አያከራክርም።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት «ማስገባት»ና «መተካት» ናቸው። ቅንጭብ ሲገባ በስተኋላው ያለው ሁሉ ገፋ ይላል፤ ሲተካ ግን ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል፤ የቅንብሩም ርዝመት አይለወጥም። ሁለቱን «ማስገባት» ብሎ የተረጎመ መመሪያ ተጠቃሚውን ጉድ ይሠራዋል። በምስሉ ረድፍ ብቻ አንድ ቅንጭብ ቢገባና የድምፁ ረድፍ ባይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ወዲያ ምስልና ድምፅ አይናበቡም፤ ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚሰማው የጭፈራው ድምፅ ይሆናል። ሲወጣም እንዲሁ «አውጥቶ መተው» ክፍተት ያስቀራል፤ «አውጥቶ ማስጠጋት» ግን የኋላውን ስቦ ክፍተቱን ይዘጋዋል።

ለጠቅላላው ሥራ «አርትዖት» ይባል የሚሉ አሉ። ቃሉ ከግእዙ «አርትዐ» የወጣ ነው፤ አቃና ማለት ነው። ለጽሑፍ ተስማምቷል፤ የተጣመመውን ማቃናት ነውና። ምስሎችን በተራ መደርደር ግን ከማቃናት ይልቅ ማቀናበር ነው፤ «ቅንብር» የዜማ ባለሙያዎችም ቃል መሆኑ አይጎዳውም፤ በዚያም ቢሆን ድምፆች በጊዜ ይደረደራሉ።

ወላይትኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ቋንቋ መመሪያ የሚያዘጋጁ ተርጓሚዎች «ቅንጭብ»ን በድምፁ እንዲወስዱ አንጠይቅም። ከእኛ የሚወስዱት ጥያቄውን ቢሆን ይበቃል፤ ይኸውም ሲወሰድለት የማይጎድል፣ ሲጠፋ ግን የተወሰደውንም ይዞ የሚጠፋ ነገር በቋንቋቸው በምን ቃል ይጠራል የሚለው ነው።