«በኢትዮጵያ የሚኖሩ»

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ሞጣ ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣበት የሚል ወሬ ተሰማ። ወሬው አጣሪ ሳይጠብቅ ጥፋተኛ አበጀ። ቀኑ ሳይመሽ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊም ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በቀጣዮቹ ቀናት በየከተማው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሙስሊም አደባባይ ወጣ። ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ አገር ሁሉ የሚጠራት ስም ሆነች።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የሚያቋርጠው አገር የአድባራትና የገዳማት አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም የቢቸና ጎረቤት ነው። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ከ100 ሰው ሙስሊሙ 3 አይሞላም። ብዙው ክርስቲያን ሙስሊሙን የሚያውቀው በገበያ ቀን፣ ከጨርቁ ወይም ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ ነው። ይህ የሆነው ንግድ በደሙ ስላለ አይደለም። በደጋው አገር ሙስሊሙ ለዘመናት ከርስት ተገልሎ ኖሯል። መሬት የሌለው ሰው ሸማ ይሠራል፣ ይነግዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃሙን የባሶ ገበያ ከደቡብ አገሮች ጋር ያገናኙት ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ።

እንግዲህ ሞጣ ላይ ሱቅ ሲነድ የነደደው ዕቃ ብቻ አልነበረም። የባለሱቁ አባቶች መሬት ሲነፈጉ የተተወላቸው አንድ በር ነበር።

ስለ ሙስሊሙ የሚነገረው ወግ ደግሞ ከሁለት አይዘልም። አንደኛው የነጃሺ ታሪክ ነው፤ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩን ተከታዮች ያስጠጋ ንጉሥ። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ኩራት ነው፤ ባለሥልጣን ስለ መቻቻል ሲናገር ይህችን ሳያነሣ አይወርድም። ሁለተኛው አገሪቱን በጠላት የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርጎ የሚያይ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1883 ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የደሴቷን ምሳሌ ተጠቅመዋል። አንዱ ያሞግሳል፣ ሌላው ያስፈራራል። ነገር ግን በሁለቱም ሙስሊሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ በመጀመሪያው እንግዳ፣ በሁለተኛው ከባሕሩ ወገን። የወሎ እስልምናን ያጠኑት ታሪክ ጸሐፊ ሑሴን አሕመድ ዕድሜያቸውን የፈጁት ይህን ሥዕል በማረም ነው።

ነገሩን ከምሁራን ቀድመው በአንድ ሐረግ የያዙት ሰልፈኞች ናቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አዲስ አበባ ላይ እስከ 100,000 የተገመተ ሕዝብ ለሃይማኖት እኩልነት ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የአጠራር ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይቅር፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል። ደርግ ሦስት የሙስሊም በዓላትን ብሔራዊ አደረገ። አጠራሩም ተለወጠ፤ ልማዱ ግን በቶሎ የሚለቅ አልሆነም።

በ2004 ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄ የጠየቀው መንግሥት ከመጅሊሱ፣ ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ እጁን እንዲያነሣ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም የሚለውን ማለት ነው። መንግሥት መሪዎቹን አሰረ። በ2005 ጥር፣ ክሱ በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ የአገሪቱ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ሕገ መንግሥት የጠቀሰ ሰው በስክሪን ላይ አሸባሪ ሆኖ ወጣ። በ2007 ተከሳሾቹ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ተፈቱ፣ ፊልሙ የተከለው ፍርሃት ግን አብሯቸው አልተፈታም።

ክርስቲያኑም የራሱ ቁስል አለው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። በ2010 ሐምሌ ጅጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናት ተገድለዋል። በመስከረም 2012፣ ከሞጣ ሦስት ወር ቀድሞ፣ በአማራ ክልል ከተሞች የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎን የሚያወግዝ ሰልፍ ተደርጓል። «ጊዮርጊስ ተቃጠለ» የሚለው ወሬ ሞጣ ላይ ያንን ያህል የሮጠው በዚህ ቁስል ላይ ስለወደቀ ይሆናል። ምክንያት ነው፤ ማመካኛ ግን አይሆንም፤ የሞጣ ባለሱቅ ጅጅጋን አላቃጠለም።

የብድር መላሽ ሒሳቡ በሚያዝያ 2014 እንደገና ታየ። በወሩ 18ኛ ቀን ጎንደር ላይ የአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ጥቃት ደረሰበት። የወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ሚሼል ባሽሌ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 30፣ የቁስለኞቹን ከ100 በላይ አድርገው ጠቀሱ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልጤ ዞን ሦስት ክርስቲያኖች ተገደሉ፤ አምስት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የማን ሰው ይበልጥ ተበደለ ወደሚል ውድድር ወረደ፤ የአንዱን ሬሳ የቆጠረ የሌላውን እንደካደ ተቆጠረ።

የሞጣውን ድርጊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አውግዘዋል። ውግዘቱ መልካም ነው፤ ቋንቋው ግን የተለመደው የመቻቻል ባህላችን ነበር። መቻቻል ባለቤትና እንግዳ ያለበት ቃል ነው። የተቃጠለበት ሰው የሚፈልገው ግን ቻይ አይደለም፤ መርማሪ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ካሳ ነው።

በአገሪቱ ሲሶውን ሕዝብ የሚወክለው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በሰኔ 2012 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1207፣ ሞጣ ከነደደች ከስድስት ወር በኋላ።