ዜግነቱ ትንሹ ጥቅም ነው

ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሮዬ የመጣ አንድ ልጅ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። አገር ቤት በነርስነት ተመርቆ፣ ሆስፒታል ሠርቶ፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ ነው። አሜሪካ በገባ በወራት ውስጥ አርሚ ተቀጠረ፤ ሦስት ዓመት ነዳጅ ሲያከፋፍል ቆየና በክብር ተሰናበተ። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዟል። ጉልበቱን ያመዋል። ለሲቪል ቀጣሪ የሚያሳየው የሙያ ፈቃድ ግን አንድም የለውም። ለምን ነዳጅ እንደመረጠ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቶሎ የሚያስገባኝ እሱ ነበር፤ ሲቲዝንነቱን ላፍጥን ብዬ ነው» አለኝ።

ይህን መልስ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ያበሳጨኛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወታደር ሆነም አልሆነም አምስት ዓመት ሲሞላው ዜግነት ይጠይቃል፤ ማመልከቻውን 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባትም ይችላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ ያለው ጊዜ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የጦርነት ጊዜ ተብሎ ስለተሰየመ፣ ወታደሩ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ያመለክታል፤ የማመልከቻ ክፍያም የለበትም። የሚያተርፈው እንግዲህ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ነው። የሚሰጠውስ? «ሦስት ዓመት ፈረምኩ» የሚለኝ ሁሉ ኮንትራቱን አውጥቶ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው። በመደበኛነት ያላገለገለውን ጊዜ በተጠባባቂነት ስሙ ተይዞ ይቆያል፤ ከተፈለገ ይጠራል። በዚህ መንገድ የተገኘ ዜግነት ደግሞ አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በመጥፎ ስንብት ለወጣ ሰው ሊነጠቅ ይችላል። ይህን የሚነግራቸው የለም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው። የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁት የመረጃ፣ የኮሙኒኬሽንና የሳይበር ሥራዎች ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ የተከፈቱ ናቸው። መኮንን ለመሆንም ዜግነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለዜግነት ብሎ የሚቸኩለው ልጅ ሙያውን የሚመርጠው ከጠበበው ዝርዝር ነው። እኛ ባለንበት አካባቢ፣ በተለይ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከሠራዊት ወጥቶ ጥሩ ደመወዝ የሚያስገኘው ያ የምስጢር ፈቃድ ነው። እዚሁ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ያለውን ሥራ ሳያውቀው ዘግቶ ይገባል ማለት ነው።

ፈተናውም እንዲሁ ነው። አርሚ ለመግባት 31 ነጥብ ይበቃል ሲባሉ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። 31 በሩን ይከፍታል እንጂ ሙያ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ሙያ የራሱን ነጥብ ይጠይቃል፣ አብዛኛው ነጥብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ንባብና በሒሳብ ይወሰናል። ጥቂት ወር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ሌላ ዝርዝር ይቀርብለታል። ነርስ የነበረ ልጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሕክምናውን ዘርፍ ነው፤ 68ሲ የሚባለው ሥልጠና ለምሳሌ ኤልፒኤን ለሚባለው የነርስነት ደረጃ የፈቃድ ፈተና ያዘጋጃል፣ ያ ፈቃድ ደግሞ ከሠራዊቱ ውጭም ሥራ ያስቀጥራል። የአገር ቤት ዲግሪውንም አስቀድሞ ማስገምገም አለበት። የተገመገመ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በስፔሻሊስት ማዕረግ ይጀምራል፤ ያላስገመገመው ከታች። የደመወዙ ልዩነት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይታያል።

አንድ ምክንያት አከብራለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወላጆቹን ማስመጣት አይችልም፤ ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ይችላል። እናቱ ታማ አገር ቤት የተኛችበት ልጅ ሦስት ዓመት ብዙ ነው ቢለኝ አልከራከረውም። እሱንም ቢሆን ሙያህን አይተህ ፈርም እለዋለሁ።

ወላጆች በበኩላቸው ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በየመንገዱ የወደቀውን ወታደር ያየ አባት፣ ውትድርና ሲባል የሚታየው ጦር ሜዳና ልመና ነው። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አደጋው እዚህም አለ። ግን ሙሉውን ቀጠሮ «ይሞታል ወይስ አይሞትም?» እያለ ይጨርሰዋል። ልጁ ስለ ፓስፖርት ያወራል፣ አባት ስለ ሞት ያወራል፣ «ምን ሙያ ይዘህ ትወጣለህ?» የሚል ሰው ከመካከላቸው ይጠፋል።

ጡረታውም ያልተገባ ተስፋ የተጣለበት ነገር ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ጡረታ አለው፣ እውነት ነው፤ አብዛኛው ወታደር ግን ሃያ ዓመት አይደርስም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚገባው ደግሞ በአዲሱ ሥርዓት ነው፤ በየዓመቱ 2 በመቶ እየተሰላለት በሃያ ዓመቱ የደመወዙን 40 በመቶ ያገኛል እንጂ እንደ ቀድሞው 50 አይደለም። በምትኩ መንግሥት በጡረታ ቁጠባው ላይ እስከ 5 በመቶ ይጨምርለታል፣ ራሱ 5 በመቶ ከቆጠበ። ሁለት ዓመት ብቻ ያገለገለም ቢሆን የተጠራቀመለትን ይዞት ይወጣል። በቁጠባው የሚመጡ ልጆች ግን ጥቂት ናቸው፤ በመኪና ዕዳ የሚመጡት ይበዛሉ።

የትምህርት መብቱ ግን ትልቅ ነው። 36 ወር በመደበኛነት ያገለገለ ሰው የ36 ወር የትምህርት ክፍያ ሙሉ መብት አለው፤ ያ የነዳጁ ልጅ አሁን የነርስ ትምህርት ቤት እንዲገባ ያመለከትንለት በዚሁ ነው። ለልጆቼ ላስተላልፈው የሚል ሰው ግን ሳይወጣ መጨረስ አለበት፤ ስድስት ዓመት አገልግሎ ለተጨማሪ አራት ዓመት መፈረምን ይጠይቃል። ወጥቶ የሚጠይቀኝን ባዶ እጁን እመልሳለሁ።

ጉልበቱስ? የሥራ ጉዳት ካሳ ከመሰናበቻው በፊት ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲጠየቅ ውሳኔው ቶሎ ይደርሳል። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ማማረር ነውር ይመስላቸዋል። እግሩ አብጦ ይሮጣል፣ ክሊኒክ አይሄድም፣ አለቃው ጎበዝ ይለዋል። በሕክምና መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ሕመም ከዓመታት በኋላ ከአገልግሎቱ የመጣ መሆኑን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ክሊኒክ ሂዱ። አስጻፉ። ቅጂውን ያዙ።

አሁንም የመግቢያ ቀን ተቆርጦላቸው የሚጠብቁ ልጆች ይደውሉልኛል። ፎርት ሚድ ወዳለው የምልመላ ማዕከል ሄደው የመጀመሪያውን ቃለ መሐላ የፈጸሙ ቀን ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ቢቀሩ የሚታሰሩ የሚመስላቸውም አሉ። አይታሰሩም። ወደ ማሠልጠኛ እስከሚጓዙበት ቀን ድረስ መተው ይቻላል። ኮንትራቱ በሚፈረምበት ጠረጴዛ የቀረበላችሁ ሙያ የማትፈልጉት ከሆነ አትፈርሙ፤ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ፣ ፈተናውን አንድ ወር ቆይታችሁ እንደገና ውሰዱ፣ የሥራ ዝርዝሩም እስከዚያ ይለወጣል። ሪክሩተሩ ይደውላል፣ ይጨቃጨቃል፤ የሚሞላው ቦታ ስላለበት ሥራው ነው። የፈለጋችሁት ሙያ ቁጥር ኮንትራቱ ላይ ተጽፎ እስክታዩ ድረስ በቃል የተነገራችሁን አትቀበሉ።