የቴስታታና የፒስተን መጣጣም በሞተር እድሳት ሥራ

ሞተር የሚያድሱ ጋራዦችና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ዘወትር የሚገጥማቸው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ቴስታታው ከአንድ ስፍራ፣ ፒስተኑም ከሌላ ስፍራ ተገዝቶ፣ ሁለቱም አዲስና ጉድለት የሌለባቸው ሲሆኑ፣ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ወይ ኃይል ማጣቱ ወይም ማንኳኳቱ ነው። ዕቃዎቹ በብሎን መግጠማቸው ብቻ መስማማታቸውን አያረጋግጥም።

ቤንዚንና አየር ለሚቃጠሉበት ክፍል ጣራው ቴስታታው፣ ወለሉም የፒስተኑ አናት ነው። ፒስተኑ ከታች ሳለ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ስፍራ፣ ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ለሚቀረው ስፍራ ሲካፈል የእመቃው መጠን ይገኛል።

ለምሳሌ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 5.7 ሊትር የሸቭሮሌት ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ፒስተኑ የሚጠርገው ስፍራ 717 ሲሲ ያህል ነው። ለዚህ ሞተር ከተሠሩት ቴስታታዎች የአንዱ ዐይነት ክፍል 64፣ የሌላው 76 ሲሲ ነው። አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ ፒስተን፣ በጓርኒሲዮኑ ውፍረትና በፒስተኑ በላይ የሚቀረው ስፍራ 19 ሲሲ ቢሆን፣ እመቃው በመጀመሪያው 9.6 ለ1፣ በሁለተኛው 8.5 ለ1 ይሆናል። ይህን ሁሉ ለውጥ ያመጣው አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ልዩነት ነው።

አናቱ ጉብ ያለ ፒስተን እመቃውን ከፍ ያደርጋል፤ ጎድጓዳው ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ለሰፊ ክፍል የተሠራ ጉብ ያለ ፒስተን ከጠባብ ክፍል ጋር ቢገጠም፣ እመቃው ከልክ ያልፋል፤ ፒስተኑም ቴስታታውን ወይም ቫልቮላውን ሊመታ ይችላል። እመቃ ሲበዛ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በራሱ ይነዳል። ማንኳኳት የሚባለው ይህ ነው፤ ሲበረታም የፒስተኑን አናት ይበሳል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ይህ ጉድለት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ተፈትኖ ደኅና ነው የተባለው መኪና ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ግን፣ አየሩ ሙሉ ሙቀቱም ብርቱ ስለሚሆን ማንኳኳት ይጀምራል። ኪሣራውም በአዳሹና በስሙ ላይ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ከመግጠም በፊት መለካት ነው። ቴስታታው ቫልቮላዎቹና ካንዴላው እንደ ገቡ ይገለበጣል፤ የክፍሉ አፍ በግራሶ ተለጥፎ ቀዳዳ ባለው መስተዋት ይከደናል፤ በቀዳዳውም ልኩ በታወቀ መርፌ ፈሳሽ ይሞላል። የገባው ፈሳሽ የክፍሉ ልክ ነው። በተለይም ፊቱ የተፋቀ ቴስታታ ክፍሉ ስለሚጠብ፣ ፋብሪካው በጻፈው ቁጥር ብቻ መተማመን አይገባም።

አስመጪውም ፒስተን ሲያዝዝ ከሲሊንደሩ ስፋት ጋር የአናቱን ቅርጽና የቴስታታውን ክፍል ልክ በትእዛዙ ላይ ቢጽፍ፣ ራሱንም ደንበኛውንም ከኪሣራ ያድናል።