የሚደጋገመውን ለኮምፒውተሩ ስጡት



የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያለ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ሙሉ ስም፣ የትምህርት ክፍሉንና መለያ ቁጥሩን በቀን ስንት ጊዜ ይጽፋል? የጀመዓውን ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ደግሞ ሰላምታውንና ሶለዋቱን በየመልእክቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲሰለቸው «ሰ.ዐ.ወ» ብሎ ያልፋል። ብዙ ዑለማዎች ግን ሶለዋትን ከማሳጠር ይልቅ ሙሉውን መጻፍ ይመክራሉ። ጣታችን ቢሰንፍም ኮምፒውተሩ አይሰንፍም።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ አውቶሆትኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝና ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ክራክ ፍለጋ አያስኬድም። አንድ ምህጻር ታስተምሩታላችሁ፤ ያንን ጽፋችሁ ስፔስ ስትጫኑ ምህጻሩን አጥፍቶ ሙሉውን ይተካዋል። በዎርድም፣ በቴሌግራምም፣ በብራውዘርም ይሠራል።

አዲሱን ሁለተኛ ቨርዥን ከጫናችሁ በኋላ ኖትፓድ ክፈቱ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ኮለን፣ ከዚያ ምህጻሩን፣ እንደገና ሁለት ኮለን፣ በመጨረሻም ሙሉውን ጽሑፍ ጻፉ። ኮለኑ የእንግሊዝኛው ነው፤ የአማርኛው ሁለት ነጥብ አይሠራም። ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጉ፤ የፋይሉ ስም መጨረሻም ነጥብና ኤ፣ ኤች፣ ኬ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሁኑ። ፋይሉን ሁለቴ ስትጫኑት ሥራ ይጀምራል። አቋራጩን ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ ካስገባችሁት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ ይነሳል።

ምህጻር ስትመርጡ ቃል እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ለሶለዋት ኤስ፣ ኤ፣ ደብልዩ ብትሉ በእንግሊዝኛ «አየ» ማለት ስለሆነ ሪፖርታችሁ መሐል ሶለዋት ይገባላችኋል። ኤስ፣ ኤል፣ ደብልዩ ይሻላል። ምህጻሩን ስትጽፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፤ የአማርኛ መጻፊያው ፊደሎቹን ቀድሞ ይቀይራቸዋልና።

ፋይሉ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የይለፍ ቃል አታስገቡበት። ከሰው ፍላሽ የመጣ ስክሪፕትም ሳታነቡ አታስነሱ። የምትጽፉትን የሚከታተል መሣሪያ የምትጽፉትን መቅዳትም ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ ራሱ ነው። የአንድ ዓመት ልፋት አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ ስንቱ በስርቆትና በቫይረስ አጣው! ለዚህ ምንም መጫን አያስፈልግም፤ ሮቦኮፒ የተባለው ትእዛዝ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። የትእዛዙን ስም፣ የጽሑፉን ፎልደር አድራሻ፣ የሚገለበጥበትን አድራሻ፣ ከዚያ ስላሽና ኢ ብላችሁ በኖትፓድ በአንድ መስመር ጻፉና የባች ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡት። በስላሽ ኢ ፈንታ ስላሽ ኤም፣ አይ፣ አር የሚል ምክር ብታገኙ አትቀበሉ፤ እርሱ ከዋናው ፎልደር የጠፋውን ከቅጂውም ላይ ያጠፋል።

ከዚያ ታስክ ስኬጁለር በየቀኑ እንዲያስነሳው እዘዙት። ከዒሻ በኋላ 3 ሰዓት ከፈለጋችሁ 9 ፒኤም ብላችሁ ሙሉ፤ ማሽኑ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ካለፈ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ወዲያው እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫም አብሩት። ፍላሽ ላይ የምትገለብጡ ከሆነ በዚያ ሰዓት መሰካት አለበት፤ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ባታኖሩት ደግሞ ጥሩ ነው።

ሮቦኮፒ አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ይተካል። ስለዚህ ሳታውቁ ከምዕራፍ 3 ያጠፋችሁትን ገጽ አይመልስላችሁም። አማካሪያችሁ አስተያየት በሰጡ ቁጥር ፋይሉን ቀኑን ጨምራችሁ በሌላ ስም አስቀምጡት። በሳምንት አንዴም ቅጂውን ከፍታችሁ መነበቡን እዩ።